ጀልባዋ ውሃ እስክትጠጣ

በእንግሊዝ አገር፣ ሁለት ቦዮች በሚገናኙባት በብራውንስተን መንደር አጠገብ፣ ሦስት ልጆች ያሏቸው አንዲት ባልቴት ይኖሩ ነበር። ልጆቹ አባታቸው ከተቀበሩበት ቀን ጀምሮ አይነጋገሩም። ምክንያቱ ቤት ነው። አባትየው ትተውት የሄዱት ሀብት አንድ ቤት ብቻ ነበር። የበኩር ልጅ ይሸጥ አለ፤ መካከለኛዋ «እናታችን በሕይወት እያለች?» አለች፤ የመጨረሻው ደግሞ አውስትራሊያ ሆኖ በስልክ «እኔን ሳታማክሩ!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ ወዲያ ስልኩም ተዘጋ። ባልቴቷና ልጆቻቸው የምሳሌ ሰዎች ናቸው፤ ስማቸውን አትጠይቁኝ። ቦዩ፣ እንጨቱና ውሃው ግን እውነተኛ ናቸው፤ ሄዳችሁ ብታዩ እንደነገርኳችሁ ታገኟቸዋላችሁ።

አንድ ቀን ባልቴቷ ለሦስቱም አንድ ዓይነት ደብዳቤ ጻፉ። «ጀልባችንን አገኘኋት። አንድ ገበሬ ጓሮ ውስጥ ዶሮ ያድርባታል። ሳልሞት ውሃ ላይ ልያት።»

ጀልባ ሲባል ሐይቅ ላይ የምትንሳፈፈውን እንዳታስቡ። የእንግሊዝ የቦይ ጀልባ ወርዷ 2 ሜትር ከ10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን ርዝመቷ እስከ 22 ሜትር ይደርሳል። እንዲህ የቀጠነችው ለውበት ብላ አይደለም፤ ጄምስ ብሪንድሊ በሚባል፣ ማንበብና መጻፉ እንደ ነገሩ በነበረ መሐንዲስ ምክንያት ነው። ይህ ሰው የሠራው የብሪጅዎተር ቦይ እ.ኤ.አ. በ1761 ከዎርስሊ የከሰል ማዕድን ተነሥቶ ወደ ማንቸስተር ሲከፈት በከተማዋ የከሰል ዋጋ በግማሽ ወረደ። ያን ጊዜ አገሩን ሁሉ ቦይ አማረው። ብሪንድሊ ቀጥሎ ባቀዳቸው ቦዮች ግን ኮረብታ መጣበት። ኮረብታ ሲመጣ ጀልባን ደረጃ በደረጃ ከፍና ዝቅ የሚያደርጉ፣ ሎክ የሚባሉ ባለ በር የውሃ ክፍሎች ያስፈልጋሉ። ሎክ በተከፈተ ቁጥር ደግሞ ውሃ ይሄዳል፤ ሰፊ ከሆነ ብዙ ይሄዳል፣ ወጪውም ይበዛል። ስለዚህ ጠባብ አድርጎ ሠራቸው፤ ጠባብ በርም ጠባብ ጀልባ ወለደ። ብሪንድሊ በ1772 ሞተ። ልኩ ግን እስከ ዛሬ አልሞተም፤ አሁንም በእነዚያ ቦዮች ላይ መሄድ የፈለገ ሁሉ ጀልባውን የሚያሠራው በሟቹ ልክ ነው።

ከዚያ ሁሉ ርዝመት ለሰው የሚተወው ከኋላ ያለው 3 ሜትር ያህል ክፍል ብቻ ነበር። የቀረው የከሰል ነው። ባቡር መጥቶ የጭነቱን ዋጋ ሲሰብርባቸው ጀልባ ነጂዎቹ የረዳት ደሞዝ መክፈል አቃታቸውና ሚስትና ልጆቻቸውን አሳፈሩ፤ በዚያውም የቤት ኪራይ ቀረላቸው። በዚያች ክፍል ውስጥ የብረት ምድጃ አለ፤ ማታ የሚዘረጋ፣ ጠዋት ታጥፎ ቁም ሣጥን ውስጥ የሚገባ አልጋ አለ፤ ግድግዳው ላይ ዳር ዳሩ እንደ ዳንቴል የተበሳሳ ሸክላ ሳህን ይሰቀላል፤ በሩ ላይ ጽጌረዳ አበባና የድሮ ግንብ ይሣላል። ሦስት አራት ልጅ እዚያ ውስጥ ያድግ ነበር። ልጆቹ ትምህርት ቤት የሚያዩት ጀልባዋ ጭነት ለማራገፍ በቆመችበት ቀን ነው፤ ፊደል ሳይቆጥሩ ያደጉት ብዙ ናቸው። ባልቴቷ የተወለዱት እዚያ ነው። ማን በየትኛው ጥግ ይተኛ እንደነበረ እስከ እርጅናቸው ድረስ በእጃቸው እየጠቆሙ ያሳያሉ።

ጀልባዋ እራሷ በ1930ዎቹ ግራንድ ዩኒየን የተባለው የጭነት ኩባንያ ካሠራቸው መካከል አንዷ ናት፤ በሪክማንስወርዝ፣ ጎኗ ከኦክ፣ ወለሏ ከኤልም እንጨት ተሠራች። ሥራዋን ያስቆመው ብርድ ነው። በ1962 መጨረሻ የጀመረው ቅዝቃዜ እስከ ማርች መጀመሪያ አልለቀቀም፤ ቦዮቹ በረዶ ሠሩ፣ ጀልባዎቹም ከነጭነታቸው በያሉበት ተያዙ። ከሰሉ በመኪና ሄደ። በረዶው ሲቀልጥ ከሰሉ አልተመለሰም። መንግሥት ያካሂደው የነበረው የቦይ ጭነት ሥራ በአብዛኛው በዚያው በ1963 ቆመ፤ ጥቂቶች እየተንገታገቱ ቢቀጥሉም ከአተርስተን ለንደን ሳውዝሆል ወደሚገኝ የማርማላታ ፋብሪካ ከሰል የሚያመላልሰው የመጨረሻው መደበኛ የረጅም ርቀት ውል በ1970 አበቃ። ጀልባዋም ለገበሬ ተሸጠች። ገበሬው በክሬን አውጥቶ ሜዳ ላይ አስቀመጣት፤ ሸራ አለበሳት፤ ሸራው ተቀደደ፤ ዶሮዎቹ ገቡ።

ልጆቹ መጡ። ሦስቱም የመጡት ለእናታቸው ብለው ነው እንጂ ለጀልባ ወይም ለወንድም ብለው አይደለም። ሜዳው ላይ ሦስት ቦታ ቆሙ። የበኩሩ የሒሳብ ሰው ነው፤ እጁን ኪሱ ከትቶ ጀልባዋን ዞራት። ከዚያ ውስጧ ገባና ቀና ቢል የፀሐይ ብርሃን በሳንቃዎቹ መካከል እየሰነጠቀ ይገባል። በሁለቱም ጎኗ ጣት የሚያስገባ ክፍተት አለ። «ይህች አልቃላታለች» አለ። «ወንፊት ናት። ማገዶ ናት።»

እናትየው ያስጠሯቸው ሽማግሌ አናጢ በዚህ ጊዜ ከኪሳቸው ወስፌ አወጡ። ዕድሜ ልካቸውን ከእንጨት ጀልባ ሌላ ሥራ አያውቁም። ክፍተቶቹን ዞር ብለው እንኳን አላዩአቸውም። በቀጥታ የሄዱት ቀለሙ ገና ወዳልለቀቀበት፣ ከሁሉ ቦታ ያማረ ወደሚመስለው ወደ ጀልባዋ አፍንጫ ነው። ወስፌውን ቀለሙ ላይ አሳርፈው በአውራ ጣታቸው ገፋ አደረጉት። እስከ እጀታው ገባ። ሲያወጡት ጫፉ ላይ ቡናማ፣ እርጥብ፣ እንደ ትንባሆ ያለ ነገር ይዞ ወጣ። በጠመኔ መስቀል አደረጉበት። ጥቂት ራመድ ብለው ደግሞ ወጉ፤ ደግሞ መስቀል። የበኩሩ «ክፍተቶቹስ?» አለ።

«ክፍተቶቹ ምንም አይደሉም» አሉ ሽማግሌው። «እነሱ ጥማት ናቸው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። እንጨት ሲደርቅ በወርዱ ይሰበሰባል፤ ሲርስ ያብጣል። ውሃ ላይ የኖረች የእንጨት ጀልባ ሳንቃዎቿ እርስ በርስ ተጣብቀው የሚኖሩት ስለተመቱ ብቻ ሳይሆን ስላበጡ ነው። ሜዳ ላይ ስታወጧት ይከሳሉ፣ ይራራቃሉ። ኤልም ደግሞ የባሰ ነው፤ ዘወትር ውሃ ውስጥ ከሆነ ብዙ ዘመን አይበሰብስም፤ ድሮ የለንደን የውሃ ቧንቧ የሚሠራው ከኤልም ግንድ ነበር። እርጥበትና ድርቀት ሲፈራረቁበት ግን ቶሎ ይሞታል። የጣናን ታንኳ ለሚያውቅ ሰው ይህ የተገላቢጦሽ ነው፤ የደንገል ታንኳ ውሃ ሲጠጣ ይከብዳልና አውጥተው ፀሐይ ላይ ያደርቁታል። ይህችን የሚገድላት ድርቀት ነው። ቦዩም ራሱ ከእሷ አይለይም፤ ውሃው እንዳይሰርግ ወለሉ የሚለበጠው በተረገጠ እርጥብ ሸክላ አፈር ነው፤ ውሃው ሄዶ ከደረቀ ሸክላው ይሰነጣጠቅና ቦዩ ውሃ አልይዝ ይላል።

መስቀል የተደረገበት ሁሉ ግን ተቆረጠ። እዚህ ላይ ሽማግሌው ርኅራኄ የላቸውም። መካከለኛዋ ልጅ ነርስ ነች፤ እናቷ በልጅነታቸው ተደግፈው ይቆሙበት የነበረው ሳንቃ ላይ መስቀል ሲደረግ «ይሄ እንኳ ይቅር» ብላ ለመነች። ሽማግሌው መጋዙን አንሥተው የበሰበሰው ካበቃበት አንድ ክንድ አልፈው፣ ጤነኛውን እንጨት ጨምረው ቆረጡ። «ብስባሽ ጎረቤቱን ይዞ ነው የሚሄድ» አሉ። አዲስ ኦክ ተገዛ። ኤልም ማግኘት ግን አዳገተ፤ በ1970ዎቹ የተዛመተ በሽታ የእንግሊዝን የኤልም ዛፍ በሚሊዮን የሚቆጠር ጨርሶታል። የበኩሩ ዋጋውን ሲሰማ አንድ ሳምንት ሙሉ አኮረፈ፤ ከዚያ ከፈለ።

ለአፍንጫዋ የሚሆነው ሳንቃ መታጠፍ አለበት። ኦክ ደግሞ በጉልበት አይታጠፍም። ረጅም የእንጨት ሳጥን ተሠርቶ፣ በአንድ ጫፉ ከበርሜል የሚመጣ እንፋሎት እየገባበት፣ ሳንቃው ውስጡ ይቀቀላል። ልማዱ ለየ2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ሲበስል ሳጥኑ ይከፈታል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ በጣት የሚቆጠር ደቂቃ ነው። በዚያች ጊዜ ተሸክሞ መሮጥ፣ አንዱን ጫፍ በሞርሳ ማሰር፣ ሌላውን እየገፉ ከጀልባዋ ጎን ጋር ማጣበቅ ነው። ከቀዘቀዘ ያለቀለት ነው፤ ወይ ይመለሳል ወይ ይሰበራል። ሥራው ለአንድ ሰው አይሆንም፤ ለሁለትም አይበቃም።

የመጀመሪያውን ሳንቃ ሰበሩት። ሦስቱ ሳይነጋገሩ ተሸክመውት ሮጡ፤ የበኩሩ ወደ ግራ ሲል ታናሹ ወደ ቀኝ አለ፤ እህታቸው መሀል ሆና ጓንቷ ውስጥ እንፋሎቱ ገብቶ አቃጠላት፤ ሳንቃውን ለቀቀችው። ኦክ ሲሰበር ድምፁ የጥይት ያህል ነው። ሽማግሌው ምንም አላሉም። የሳጥኑን በር ዘጉና በርሜሉ ሥር እንጨት ጨመሩ።

በሁለተኛው ላይ ግን ታናሹ «ያዝ!» አለ። ከአባታቸው ቀብር ወዲህ ለወንድሙ የተናገረው የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው። «ይዣለሁ!» አለ ታላቁ። «ግፉ! ከሥር! ቆይ፣ ቆይ! አሁን!» እህታቸው ሞርሳውን አዞረች። ሳንቃው እየተንቋቋ መጣ፣ መጣ፣ ገባ። ሦስቱም በላብ ተነክረው ቆሙ። ከዚያ ደግሞ ዝም አሉ። ሰው እንደዚህ ባለ ቦታ ላይ ተቃቅፈው ተላቀሱ የሚል ታሪክ ይወዳል፤ እነዚህ ግን አልተላቀሱም። ሻይ ጠጥተው ወደ ሦስተኛው ሳንቃ ሄዱ።

ሳንቃው ካለቀ በኋላ መጋጠሚያው ይጠቀጠቃል። ቅጥራን የጠጣ የአሮጌ ገመድ ቃጫ በጣት ይፈተላል፤ በመሮ መሰል ብረትና በእንጨት መዶሻ እየተመታ በክፍተቱ ውስጥ ይገባል። ከዚያም ቅጥራን፣ የከብት ጠጉርና የፈረስ ፋንድያ አንድ ላይ ተፈልቶ ይለቀለቃል። የአውስትራሊያው ልጅ ፋንድያውን ሲያይ የሳቀው ሳቅ ሜዳውን አናወጠው፤ ነገር ግን ይህ ድብልቅ ጀልባዎቹን ለረጅም ዘመን ውሃ ላይ ያቆየ ነው፤ የሚሳቅበት አይደለም። ይህ ሥራ ቀስ ያለ ነው። ለበኩሩ ቀስ አለበት። ማታ ሁሉም ሲሄድ ኢፖክሲ የሚባለውን፣ ሲደርቅ ድንጋይ የሚሆነውን ሙጫ በባልዲ አምጥቶ ባንዱ ጎን ያሉትን ክፍተቶች በሙሉ ሞላቸው፤ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሳቸው። ጠዋት ሲያዩት ያ ጎን እንደ ጠረጴዛ ሆኗል። በእውነት ያምራል።

ሽማግሌው ጣታቸውን አስኬዱበት። «አንተ ነህ?»

«አዎ። አሁን ጠብታ አታስገባም። ይሞክሩት።»

«ልጄ፣ ይህን እንጨት የምታየው ከስቶ ነው። ነገ ውሃ ሲያገኝ ይወፍራል። መወፈሪያውን ድንጋይ ሞልተህበታል። ታዲያ የት ይሂድ? ወይ ምስማሩን ይነቅላል፣ ወይ ራሱ ይሰነጠቃል። ቃጫ የምንከትበት እኮ ቃጫ ስለሚጨመቅ ነው። በል፣ ሁሉንም አውጣው።»

በአንድ ሌሊት የሞላውን በመሮ ፈልፍሎ ለማውጣት ብዙ ቀን ፈጀበት። ሳይጠሩት መጥቶ ከጎኑ ተንበርክኮ የፈለፈለው ታናሹ ነው። ለምን እንደመጣ አልተናገረም፤ እኔም አላውቅም።

ጀልባዋ ወደ ውሃ የምትገባበት ቀን ደረሰ። መንደርተኛው ወጣ፤ ሻይና ኬክ ቀረበ። ክሬኑ አንሥቶ ቦዩ ላይ አሳረፋት። እልልታው ሳያልቅ ውሃው ገባ። ከአንድ ቦታ አይደለም፤ ከሁሉም ቦታ ነው። በመጋጠሚያዎቹ በሙሉ እንደ ምንጭ እየፈለቀ ይገባል፤ ወለሉ በአንድ አፍታ ተሸፈነ። ሰው ኬኩን ይዞ ዝም አለ። «አውጧት!» አለ የበኩሩ። «ክሬኑ ሳይሄድ አውጧት!» ታናሹ ኮፍያውን መሬት ላይ ወርውሮ «ይኸው ነው፣ እኔ ትኬቴን እቆርጣለሁ» አለ። እናትየው ቦዩ ዳር በወንበር ተቀምጠው ሻያቸውን ያማስላሉ።

ሽማግሌው ክሬኑን አሰናበቱት። ሁለት ፓምፕና አንድ ከረጢት ሰጋቱራ አመጡ። «አንዱ ፓምፑን ይጠብቃል። ሌላው ሰጋቱራውን ከውጭ፣ ክፍተቱ አጠገብ ውሃው ውስጥ ይበትናል፤ የሚገባው ውሃ ይስበውና ስንጥቁ ላይ ይይዝለታል። ሌሊቱን በፈረቃ። ሌላ ሥራ የለም።»

«እስከ መቼ?»

«እስክትጠጣ።»

የመጀመሪያው ሌሊት የወንድማማቾቹ ፈረቃ ነበር። ፓምፑ ይጮኻል፤ ዝናብ ያካፋል። እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ታናሹ ሰጋቱራውን እየበተነ፣ ወደ ወንድሙ ሳይዞር፣ «አባባ ሲታመም ለምን አልነገራችሁኝም?» አለ። ታላቁ መልስ ሳይሰጥ ቆየ። «እሱ ነው አትንገሩት ያለው። ትኬቱ ውድ ነው፣ ሥራውን ያጣል አለ።» «እና አንተ ሰማኸው?» «ሰማሁት።» «ቤቱንስ? እሱንም አባባ ነው ያለህ?» ከዚህ በኋላ የተባለው ለጆሮ የሚመች አይደለም። ጮኹ። ቦዩ ዳር ባለ ሌላ ጀልባ ውስጥ የተኛ ሰው መስኮቱን ከፍቶ ተሳደበ። የተያዘው ሁሉ በዚያ ሌሊት ወጣ፤ ወጥቶም አላለቀም። ግን ፓምፑን ትቶ መሄድ አይቻልም፤ አንዱ ከሄደ ጀልባዋ ትሰምጣለች። ስለዚህ እየተጣሉም አብረው አደሩ።

በማግስቱ የመጣችው እህታቸው ውሃው ከትናንቱ ዝቅ ማለቱን አየች፤ ለማንም አልተናገረችም፤ በጠመኔ ጎኗ ላይ መስመር አሰመረች። በሚቀጥለው ቀን ሌላ መስመር ከሥሩ። ቀን በቀን ሰንጣቃው እየጠበበ፣ ኦኩ እያበጠ፣ ቃጫውን እየጨመቀ ሄደ። አንድ ጠዋት ፓምፑ አየር መሳብ ጀመረ። አጠፉት።

ሁሉም ተዘጋ ማለት አይደለም። ከኋላዋ፣ ከክፍሉ ሥር አንድ መጋጠሚያ አለ፤ እሱ እስከ ዛሬ ጠብ ጠብ ይላል። ጠዋት ጠዋት ፓምፑ ጥቂት ይሠራል። ሽማግሌው ይህን ሲነግሯቸው ምንም አልመሰላቸውም፤ ፓምፕ የሌላት የእንጨት ጀልባ የለችም። ቤቱም እናታቸው በሕይወት እስካሉ እንዳይሸጥ በወረቀት ተስማሙ። ታናሹ የድርሻው ስሌት ትክክል አይደለም ይላል፤ በየገናው ያነሣዋል። የበኩሩ ትክክል ነው ይላል። ገናውን ግን ጀልባዋ ላይ ይበላሉ፤ በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከዚያ በላይ በቦዩ ላይ አይፈቀድም፣ እየሄዱ።

ምሳሌው ይኸው ነው። ፍቺው አጭር ነው፤ ከባድም አይደለም፤ ግን ሁለት ጎን አለው፤ አንዱን ይዘው ሌላውን የሚጥሉ ሰዎች ስለሚበዙ ሁለቱንም ልናገር።

እኛ ዘንድ ቤተሰብ የሚደርቀው በብርድ አይደለም፤ በቪዛ ነው። ልጅቷ ጅዳ ወይም ቤሩት ሄደች፤ ዓመታት ሠራች፤ ለታናናሾቿ ትምህርት ቤት ከፈለች፤ ተመለሰች። ቦሌ ላይ አበባ አለ፣ እልልታ አለ። በሁለተኛው ሳምንት እናት «ልጄ ተለውጣብኛለች፣ ከሰው አትቀመጥም» ትላለች። ልጅቷ ደግሞ «የሚፈልጉት ገንዘቤን ነው» ትላለች። ወንድምየው ከሲያትል መጥቶ ሳሎኑ ውስጥ እንግዳ ሆኖ ይቀመጣል። ሁሉም በሳንቃው መካከል የሚገባውን ብርሃን አይቶ «አልቋል» ይላል። እኔ ግን ይህን ብስባሽ አልለውም። ሰው ከሰው ሲለያይ ይከሳል፤ ሲገናኝ መጀመሪያ ማፍሰሱ የተፈጥሮ ነው። ያን ጊዜ የሚያስፈልገው ፈረቃ ነው፤ አብሮ ማምሸት፣ መጨቃጨቅ ቢመጣም ተጨቃጭቆ አብሮ ማደር።

የበኩሩ ሙጫ ደግሞ የኛ የችኮላ እርቅ ነው። ሽምግልናን የምንቅ አይደለንም፤ ስንት ቤት ያቆመ ነገር ነው። ነገር ግን ሁለቱ ያላቸውን ሳይናገሩ፣ ገና በመጡበት ቀን «በቃ፣ ተሳሳሙ፣ ስለ እኛ ስትሉ» ብሎ መዝጋት ለሽማግሌው ያምራል እንጂ ለታራቂዎቹ አይበጅም። ቂሙ ሲያብጥ መሄጃ ያጣል። ከዚያ በሠርግ ወይም በለቅሶ መሀል ይፈነዳና «ታርቀው ነበር እኮ!» እንላለን።

ሁለተኛው ጎን ወስፌው ነው፤ ይህን የሚረሳ ሰው ምሳሌውን ባይሰማው ይሻለኛል። እህት በላከችው ገንዘብ ወንድም በራሱ ስም ቤት ከሠራ ያ ክፍተት አይደለም። ባል ሚስቱን የሚደበድብ ከሆነ ያ ክፍተት አይደለም። «ታገሺ፣ ቀን ያልፋል፣ ይለሰልሳል» የሚሉ ዘመዶች ብስባሹን ውሃ እያጠጡት ነው፤ ብስባሽ ደግሞ ውሃ ሲያገኝ ነው የሚሰፋው። እንዲያውም አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ቀለሙ ባማረው፣ ጎረቤት በሚያመሰግነው ቤት ውስጥ ነው። እዚያ የሚሠራው መጋዝ ነው፤ ክስም ሊሆን ይችላል፣ ፍቺም ሊሆን ይችላል፣ ጤነኛውንም ትንሽ ይቆርጣል። ሽማግሌው አናጢ ለአንድ ቀን እንኳ ሁለቱን አላምታቱም፤ ክፍተት ላይ መጋዝ አላነሡም፣ ብስባሽ ላይ ሰጋቱራ አልበተኑም። ብዙዎቻችን የምናደርገው የዚህን ግልባጭ ነው፤ በማኩረፍ ወንድም እንቆርጣለን፣ ሌብነትን በትዕግሥት እናቆያለን።

እንግዲህ ዘንድሮ ከጅዳም ሆነ ከሲያትል ሰው የምትቀበሉ ሁሉ፣ የቤቱን ካርታና የውክልናውን ወረቀት ለአንድ ወር መሳቢያ ውስጥ አቆዩት፤ በመጀመሪያው ሳምንት የተነገረ ቃልም እንደ ፍርድ አትያዙት። ተመላሾች ግን፣ በላካችሁት ገንዘብ በሌላ ሰው ስም የተሠራ ነገር ካለ ወር አትጠብቁ፤ የላካችሁበትን ደረሰኝ ይዛችሁ ዛሬውኑ ጠይቁ።